ያለ ድጎማ የበረረ አየር መንገድ የለም

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ንብረት ቢሆንም የመንግሥትን ካዝና ሳይነካ፣ በንግድ ሕግ ብቻ ተመርቶ፣ በራሱ እግር ቆሞ እዚህ ደረሰ የሚለው አባባል በአገሪቱ የተረጋገጠ እውነት ሆኖ ይነገራል። አባባሉ ብቻውን አይመጣም፤ ጓዝ አለው። አየር መንገድ ያለ ድጎማ ማደግ ከቻለ የማያተርፍ መስመር ለምን ይበረራል? እንደ ሞጣ ያለች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ መደበኛ በረራ ያጣችው ገበያው ስለፈረደባት ነው፤ የዚያው አካባቢ ከተማ ቢቸናም አውሮፕላን ካማራት መጀመሪያ ተሳፋሪ ታምጣ ይባላል። ይህ አስተያየት በባለሥልጣን ንግግር፣ በጋዜጣ ዓምድ፣ በቡና ቤት ጨዋታም ሳይቀር ያለ ተቃውሞ ያልፋል። ሊታለፍ ግን አይገባውም። የአየር መንገዱን ያለፈ ታሪክ አዛብቶ ይተርካል፤ በተዛባው ታሪክ ላይ ተመሥርቶም በምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ላይ ይፈርዳል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የሲቪል በረራ ከተጀመረበት ዘመን መነሣት ያስፈልጋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በለንደንና በፓሪስ መካከል የየዕለት በረራ ተጀመረ። የብሪታንያ መንግሥት በዚያን ጊዜ የያዘው አቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ከሚደመጠው ብዙም አይለይም። የአየር ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ሲቪል አቪዬሽን በራሱ ክንፍ መብረር እንዳለበት፣ መንግሥት ደግፎ በአየር ላይ ሊያቆየው እንደማይችል በይፋ ተናግረው ነበር። ፈረንሳይ በበኩሏ ለኩባንያዎቿ በልግስና ትከፍል ነበር። ውጤቱን ለማየት ሁለት ዓመት እንኳ አልፈጀም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1921 መጨረሻ የብሪታንያ ኩባንያዎች በሙሉ በረራቸውን አቋረጡ። የለንደንና የፓሪስ መስመር ለፈረንሳዮች ብቻ ቀረ። በሚቀጥለው ወር፣ በመጋቢት፣ መንግሥት ጊዜያዊ ድጎማ ፈቅዶ ኩባንያዎቹን ወደ ሥራ መለሳቸው። በራስ ክንፍ የመብረር መርህ የወደቀው በዚያን ጊዜ ነው። ወዲያው የተነሣው ጥያቄ ገንዘቡ ለማን፣ በምን ውል ይሰጥ የሚል ነበር።

ብሪታንያ ለዚህ የሰጠችው መልስ ውህደት ነው። እርስ በርስ የሚሻሙ ትናንሽ ኩባንያዎችን እየደጎሙ መኖር ገንዘብ ማባከን መሆኑን አንድ አጣሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1923 አስረዳ። በዓመቱ ሃንድሊ ፔጅ ትራንስፖርት፣ ኢንስቶን፣ ዳይምለርና ብሪቲሽ ማሪን የተባሉት አራት ኩባንያዎች ተጠቃልለው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ተመሠረተ። ለአሥር ዓመት የተመደበለት ድጎማ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በጥር 1926 የዩንከርስ አየር መንገድና አየሮ ሎይድ በመንግሥት ግፊት ተዋሕደው ሉፍትሃንዛ ተወለደ፤ ሁለቱም ያለ ድጎማ መኖር የማይችሉ ስለነበሩ ገንዘቡን የያዘው እጅ ባለበት መቆም ግድ ሆነባቸው። ኤር ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1933 የቆመው በዚሁ መንገድ ነው። በኢጣሊያ ደግሞ የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1934 ኩባንያዎቹን አጠቃልሎ አላ ሊቶሪያን ፈጠረ። ኢትዮጵያውያን አላ ሊቶሪያን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ስም አይደለም። ከወረራው ጋር ሮምን፣ አሥመራንና አዲስ አበባን ያገናኘው የኢምፓየሩ መስመር የተሠራው በእርሱ አውሮፕላኖች ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የተዘረጋው የመጀመሪያው መደበኛ የአየር አገልግሎት፣ የወራሪ መሣሪያ ከመሆኑም በላይ፣ ከራስ እስከ እግሩ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ነበር።

ነጻ ገበያን የምታወድሰው አሜሪካም ከዚህ አልወጣችም። እዚያ ድጎማው የለበሰው ልብስ የፖስታ ውል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ሕግ የግል ኩባንያዎች ደብዳቤ እንዲያመላልሱና ከፖስታው ገቢ እስከ 80 ከመቶ እንዲወስዱ ፈቀደ። በኋላ ክፍያው በክብደት ሲሰላ የፖስታ ቴምብር ዋጋ ከክፍያው ያነሰ ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ለራሳቸው ከባድ ጥቅል እየላኩ ትርፍ እስከማግኘት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1930 የፖስታ ሚኒስትሩ ዋልተር ብራውን አዲስ ሕግ አስወጥተው ክፍያውን በቦታ ስፋት አደረጉት። ትልልቅ መስመሮችን የሚያገኙት አቅም ያላቸው ኩባንያዎች ብቻ እንዲሆኑም ድርጅቶችን ጠርተው ተዋሐዱ አሏቸው። ከውዴታ ይልቅ በግዴታ ከተዋሐዱት መካከል ትራንስኮንቲኔንታል ኤር ትራንስፖርትና ዌስተርን ኤር ኤክስፕረስ ይገኙበታል። አገሪቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠውን የፖስታ ውል ለማግኘት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ድርጅት ቲ ደብልዩ ኤ ይባላል።

ቲ ደብልዩ ኤ የሚለውን ስም የኢትዮጵያ አንባቢ ያውቀዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አየር መንገድ ለማቋቋም የተዋዋለው ከዚሁ ድርጅት ጋር ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ኩባንያው ሲመሠረት መነሻ ካፒታሉ 2.5 ሚሊዮን ብር ሆኖ በ25,000 አክሲዮን ተከፋፈለ። አክሲዮኑን ሁሉ የያዘው መንግሥት ነበር። አስተዳዳሪው፣ አብራሪው፣ መካኒኩና የሂሳብ ሠራተኛው ከአሜሪካ መጡ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ተደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ-47 ነበሩ፤ ወንበራቸውም ወታደር ይጫንባቸው በነበረበት ዘመን እንደተሠራው በጎንና በጎን የተዘረጋ አግዳሚ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመንግሥት እጅ የሌለበትን ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ካፒታሉ የግብር ከፋዩ ነው። አውሮፕላኖቹን ያሠራው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ በርካሽ ባይሸጡ ኖሮ ድሃ አገር በአንድ ጊዜ አምስት አውሮፕላን ገዝታ ሥራ ባልጀመረች ነበር። ያስተዳደረው ድርጅት በፖስታ ድጎማና በግዳጅ ውህደት የተፈጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኮንቬር 240 አውሮፕላኖችን ለመግዛት 1 ሚሊዮን ዶላር ያበደረው የአሜሪካ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ራሱ የመንግሥት ባንክ ነው። የአዲስ አበባው የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ለጄት ሲያንስ የቦሌ ማረፊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ቦይንግ 720 ያረፈበት በመንግሥት ውሳኔና በመንግሥት ዕዳ እንጂ ከትኬት ሽያጭ በተረፈ ገንዘብ አይደለም። የመሬቱም፣ የሬዲዮውም፣ የሜትሮሎጂውም አገልግሎት እንደዚሁ ነው።

የተለመደው አስተያየት ደጋፊዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ። መነሻ ካፒታልና ብድር ሌላ፣ ድጎማ ሌላ ይላሉ። ድጎማ ማለት በየዓመቱ ኪሳራን ለመሸፈን ከበጀት የሚመደብ ገንዘብ ነው፤ ያንን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አልለመነም ይላሉ። በዚህ ልዩነት ውስጥ እውነት አለ፤ መካድም አይገባም። ከኢትዮጵያው ጋር በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሥራ የጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በ1977 ፈርሷል። አሥራ አንድ አገሮች በውህደት ያቆሙት ኤር አፍሪክ በ2002፣ የናይጄሪያ አየር መንገድ በ2003 ተዘግተዋል። ኢትዮጵያዊው የዘለቀው ጥገናውን፣ ሥልጠናውንና ሂሳቡን ከፖለቲካ ሹመት ለመጠበቅ ስለታገለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአውሮፕላን አዛዥ እስከሆኑበት ቀንና ከዚያም ወዲህ የተደረገው የሠራተኞች ትጋት የሚገባውን ክብር ሊያገኝ ይገባል።

ሆኖም ከበጀት ገንዘብ አልተመደበም ማለት ድጎማ የለም ማለት አይደለም። አየር መንገዱ የአገር ውስጡን መረብ ያቆየው ከውስጥ በተደረገ ድጎማ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ዓደን ጫት የሚያመላልሱት በረራዎች፣ ወደ ካይሮና በኋላም ወደ አውሮፓ የሚሄዱት መስመሮች፣ ከውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ከፍ ያለ የአገር ውስጥ ዋጋ፣ እነዚህ ሁሉ የማያተርፈውን ሸክም ተሸከሙ። የመንግሥት ድርጅት ከሆነ ኩባንያ ትርፍ ላይ ለሕዝብ አገልግሎት ተብሎ የሚቀነስ ገንዘብ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በመጽሐፍ አለመመዝገቡ ድጎማነቱን አያስቀረውም። ያልተመዘገበ ስለሆነ ግን ባለጉዳዩ ሳይሰማ ሊቋረጥ ቻለ። የሞጣ ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል።

ሞጣ በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ ኦ ቲ ኤ የሚል የራሷ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት። እንዲህ ያለ መለያ የሚሰጠው ትኬት ለሚቆረጥለት፣ ሻንጣ ለሚላክበት ቦታ ነው። ይህ የሆነው ዲሲ-3 የሚባለው አውሮፕላን የገጠሩ ኢትዮጵያ አገልጋይ በነበረበት ዘመን ነው። ዲሲ-3 ባለ ሁለት ሞተር፣ በጅራቱ ሥር ትንሽ ጎማ ያለው፣ ሃያ አምስት ሰው ገደማ የሚጭን፣ ከሁሉ በላይ ግን አስፋልት የማይጠይቅ አውሮፕላን ነው። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ተጠርጎ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ከረጢት ቢተከል ይበቃዋል። አብራሪው ከማረፉ በፊት ዝቅ ብሎ አንድ ጊዜ ያልፋል፤ እረኞች ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ፤ ከዚያ ያርፋል። ተሳፋሪው ከነዕቃው በሚዛን ይመዘናል። ሞተሩ ሲነሣ አቧራውና ሣሩ ከኋላ ይቦናል።

የሚዛኑ ነገር የቢሮ ሥርዓት ብቻ አልነበረም። ሞጣ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚያነሣው ክብደት ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ በአጭር መንደርደሪያ የሚነሣ አውሮፕላን በደጋ ላይ ወይ ረዥም ሜዳ ይፈልጋል፣ ወይ ሰውና ጆንያ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ በደጋው ጎጃም የአንድ ወንበር ወጪ በቆላ ካለው ይበልጣል። አፈሩም ይጨመርበታል። የቢቸና አካባቢ ሰፊ መሬት መረሬ ነው። መረሬ ለነጭ ጤፍ የታደለ፣ ለመንገድና ለማረፊያ ግን የተረገመ አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጎማ ይውጣል። ጠጠር ያልለበሰ ማረፊያ በመረሬ ላይ ቢዘረጋ የሚዘጋው ሰው አጥብቆ በሚፈልገው ወር፣ መኪናም በማያልፍበት ወቅት ነው። እንግዲህ ገበያው ፈረደ ሲባል የፈረደው ከፍታና አፈር ነው። ከፍታና አፈር ደግሞ የነዋሪው ጥፋት አይደሉም።

የእነዚህ ከተሞች ርቀት በኪሎ ሜትር ሲለካ ያን ያህል አይመስልም። ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ነገር ግን በስተምሥራቅ ዓባይ ሸለቆ ይዘጋታል። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፣ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ ሰባራ ድልድይ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ገበያተኛው በሁለቱ የድንጋይ ጫፎች መካከል በገመድ እየተጎተተ ከወንዙ በላይ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2002 ድረስ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጄት አውሮፕላኖች ፍራንክፈርት መድረስ ከጀመሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል የሞጣ ሰው ገና በገመድ ይሻገር ነበር። ሀብት ያለ ድጎማ በራሱ መንገድ ወደ ሁሉም ይዳረሳል የሚል ሰው ይህን እውነት ከፊቱ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ከመንግሥት ጋር የነበረው የገንዘብ ግንኙነት በ1960 ዓ.ም. በደም ተጽፏል። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በጎጃም ሲታወጅ ሞጣና ቢቸና ከዋነኞቹ የአመፅ ማዕከሎች መካከል ሆኑ። ገበሬው መሬቱ ይለካል፣ ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ፈራ፤ ለከፈለውም ግብር በምላሹ ያየው ነገር አልነበረም። መንግሥት ጦር ላከ። በሐምሌና በነሐሴ አየር ኃይል መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ። በዚያ ክረምት ለብዙ የጎጃም መንደሮች መንግሥት የላከው አውሮፕላን ቦምብ የጫነው ነበር። ሕዝቡ ድጎማ ጠያቂ ሆኖ ሲነቀፍ መታወስ ያለበት ይህ ነው፦ አውሮፕላን ለመግዛትም፣ ቦምብ ለመግዛትም ግብር ተጠይቋል።

ይህን ታሪክ በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ ከሆነው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1968 ኖርዌይ በሰሜናዊ ጠረፏ፣ ተራራና የባሕር ሰርጥ በለያያቸው ትናንሽ ከተሞች፣ 800 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ማረፊያዎች መክፈት ጀመረች። በረራውን ቪደሮ የተባለ ኩባንያ በትዊን ኦተር አውሮፕላን ያካሂድ ነበር፤ የማይሸፈነውን ወጪ መንግሥት በግልጽ ውል ይከፍላል። መረቡ ዛሬም ይሠራል። ኖርዌይ ያኔ ከዛሬዋ እጅግ ያነሰ ሀብት ነበራት፤ የሰሜን ባሕር ዘይቷም ገና አልተገኘም ነበር። ኢትዮጵያ የኖርዌይ ገንዘብ አልነበራትም ማለት እውነት ነው። ነገር ግን ትዊን ኦተር አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያም ገዝታ ነበር። የጎደለው ለየትኛው ከተማ፣ ስንት ዓመት፣ በስንት ብር ተብሎ የተጻፈ ውል ነው።

ድጎማ ሁሉ መልካም ነው የሚል ሰው ካለ እርሱም ተሳስቷል። የኢምፔሪያል ኤርዌይስ ድጎማ በተበረረው ማይልና በሞተሩ የፈረስ ጉልበት ይሰላ ስለነበር ኩባንያው ፈጣን አውሮፕላን ለማስገባት አልተጣደፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የካድማን ኮሚቴ አስተዳደሩን ክፉኛ ነቀፈው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከብሪቲሽ ኤርዌይስ ጋር ተዋሕዶ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሆነ። በአሜሪካ የብራውን የፖስታ ውሎች በዝግ ስብሰባ ተከፋፈሉ ተብለው እ.ኤ.አ. በ1934 ተሰረዙ። ፖስታውን እንዲያደርስ የታዘዘው ጦር በክረምት አየር ብዙ አብራሪዎቹን አጣ። በፈረንሳይ ኤሮፖስታል የተባለው ኩባንያ በገንዘብ ቅሌት ፈርሷል። ከእነዚህ ውድቀቶች የሚወጣው ትምህርት ግን ድጎማ ይቅር የሚል አልነበረም። ከአገሮቹ አንዳቸውም ከውድቀቱ በኋላ ድጎማውን አልተዉትም። የለወጡት መለኪያውን፣ ጨረታውንና ተቆጣጣሪውን ነው።

ሌላው የተለመደ መከራከሪያ መንገድ ነው። ለገጠር ከተማ የሚበጀው አስፋልት እንጂ አውሮፕላን አይደለም ይባላል። አስፋልት እንደሚቀድም ማንም አይከራከርም፤ የቢቸናን ጤፍ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ኤፍ ኤስ አር የሚባለው የጭነት መኪና እንጂ አውሮፕላን አይሆንም። ይሁንና መንገድ ራሱ ሙሉ በሙሉ በድጎማ የሚሠራ ነገር ነው። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ስንት ብር አተረፈ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በትርፍ የማይመዘን ከሆነ፣ በወሊድ የተቸገረችን እናት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ለማድረስ፣ መንገድ በጎርፍ ወይም በጸጥታ ችግር ሲዘጋ መድኃኒት ለማስገባት የሚያገለግል አንድ ኪሎ ሜትር ማረፊያ በትርፍ ብቻ የሚመዘንበት ምክንያት የለም። የሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ባሳለፋቸው የግጭት ዓመታት መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ጉዳዩን ዛሬ አንገብጋቢ ያደረገው ደግሞ ሌላ ውህደት ነው። በ2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ተቋቋመ። ለውህደቱ የተሰጠው ምክንያት ጠንካራ ነው፤ ቦሌን ለማስፋፋት፣ ብድር ለማግኘት፣ ውሳኔን ለማፋጠን አንድ አካል መሆን ይረዳል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ማረፊያ የሚያስተዳድረውና አውሮፕላን የሚያበረው ለየብቻ ነበሩ። አሁን ማረፊያ የት እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚጠገን፣ የት እንደሚበረር የሚወስነው አንድ ቦርድ ነው። ማረፊያ ባለመኖሩ በረራ የለም፣ በረራ ባለመኖሩ ማረፊያ አያስፈልግም የሚለው ክብ በአንድ ጣሪያ ሥር ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1924 በለንደን የተደረገው ውህደት ቢያንስ ከድጎማ ውል ጋር አብሮ የመጣ ነበር፤ ኩባንያው በዓመት ስንት ማይል እንዲበር በጽሑፍ ተገዷል። የ2009 ዓ.ም. ውህደት በደጋው ጎጃም ላይ የጣለው ግዴታ የለም።

አየር መንገዱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ካስጀመራቸው የማረፊያ ግንባታዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ መሆኑ መልካም ዜና ነው፤ ራሱም የድጎማ ማስረጃ ነው። የንግድ ትርፍ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ገንዘቡ ሌላ አውሮፕላን ይገዛበት ነበር። ግንባታው ትክክል ነው፤ ትክክል የማይሆነው ድጎማ አይደለም ብሎ መካዱ ነው። ድጎማ መሆኑ ከታመነ ለምን ለደብረ ማርቆስ ሆኖ ለሞጣ አልሆነም፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና ያለው መንገድስ የዚሁ ዕቅድ አካል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ካልታመነ ጥያቄው የሚቀርብበት ቦታ የለም።

የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ ህንድ ናት። ኢትዮጵያ ሁለቱን ድርጅቶች ባዋሐደችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ህንድ ኡዳን የተባለውን የክልል በረራ ዕቅድ በሥራ ላይ አዋለች። በትልልቅ መስመሮች በሚደረግ በረራ ላይ ትንሽ ክፍያ ይጣላል፤ ገንዘቡ በአንድ ቋት ይገባል፤ ወደ ትናንሽ ከተሞች ለመብረር አነስተኛ ድጎማ የጠየቀው ኩባንያ ጨረታውን ያሸንፋል፤ ከወንበሮቹ ከፊሉ በተወሰነ ዋጋ ይሸጣል፤ ውሉ የጊዜ ገደብ አለው። ከተጀመሩት መስመሮች ብዙዎቹ አልዘለቁም። አለመዝለቃቸውን ግን የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መርምሮ በይፋ አወጣው፤ የትኛው መስመር በምን ምክንያት እንደቆመ ዜጋው ያነባል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር ገበያዋን ነጻ ባደረገችበት ሕግ ውስጥ ትናንሽ ከተሞች በረራ እንዳያጡ የድጎማ አንቀጽ አስገብታለች፤ አንቀጹ ዛሬም ይሠራል። የአውሮፓ አገሮች ገበያቸውን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፍቱ እንደዚሁ አድርገዋል። ነጻ ገበያን የመረጡት ራሳቸው ይህን ካደረጉ፣ አብዛኛውን መደበኛ በረራ አንድ የመንግሥት ድርጅት በሚያካሂድበት አገር ድጎማ የሚለው ቃል የሚፈራበት ምክንያት አይገኝም።

ለኢትዮጵያ የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአየር መንገዱን ዓመታዊ ሪፖርት ሲያዳምጥ ከትርፉ ጎን ለእያንዳንዱ የአገር ውስጥ መስመር የወጣውንና የገባውን ገንዘብ ይጠይቅ፤ ድርጅቱ በጥቅል ቁጥር እንዲያልፈው አይፍቀድ። ከዓለም አቀፍ ተሳፋሪ ከሚሰበሰበው የማረፊያ ክፍያ ትንሽ እጅ ተለይቶ በሕግ የታወቀ የክልል በረራ ቋት ይቋቋም። ቋቱን የሚያስተዳድረው ከአየር መንገዱ ውጭ ያለ አካል ይሁን፤ ለዚህም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ። ጨረታው ለግል አነስተኛ ኦፕሬተሮችም ይከፈት። የአማራ ክልል መንግሥትና የምሥራቅ ጎጃም ዞን በሞጣ ያለውን የማረፊያ መሬት ለሌላ ግንባታ ከመሸንሸናቸው በፊት ጥናት ያስጠኑ፤ አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት በኋላ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሌላ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይሆንም። የሞጣና የቢቸና ተመራጮችም በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ያለ ድጎማ አድገናል የሚለው ንግግር በፊታቸው ሲነበብ፣ የመጀመሪያዎቹን 25,000 አክሲዮኖች የገዛው የማን ግብር እንደነበር እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁ።